ሰፈር አጥኚዋ

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ያች አንዲት ቃል ከወጣቷ ምሁር አንደበት አፈትልካ በግቢው ከተዳረሰች በኋላ የሚመልሳት አልተገኘም። ቃሏም «ላጠና» የምትል ነበረች።

ምሁሯ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሩቅ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ከድሆች ጋር እየኖሩ የድሆችን ኑሮ መርምረው ሕግ ያስለወጡ ሴቶችን ታሪክ አንብባ አልጠግብ ብላለች። እነዚያ ቀዳሚዎች ያወረሷት ትምህርት፣ ሰውን መርዳት የሚሻ አስቀድሞ ጎረቤቱ ይሁን የሚል ነው። ስለዚህም ሻንጣዋንና መጻሕፍቷን ሸክፋ ከልብስ ፋብሪካው ጀርባ ካለ የኪራይ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሐሳቧ በግቢው ጥግ ባዶውን የተቀመጠውን ዕቃ ቤት፣ እናቶች ፋብሪካ ሲሄዱ ሕፃናት የሚውሉበት ማድረግ ነበር። ያለ አከራይዋ ፈቃድ ግን የዚያ ቤት በር እንኳን ሊከፈት አይነካም።

በገባች በማግስቱ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች «ምን እግር ጣለሽ?» ቢሏት፣ ደረቷን ነፍታ «ሰፈሩን ላጠና ነው የመጣሁት» አለች።

በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ «ማጥናት» እንከን የማይወጣለት ቃል ነው። በዚያ ግቢ ግን የሚያጠና ፍጡር ሁለት ብቻ ነው፤ ፈተና የደረሰበት ተማሪና ቤት የሚሰብር ሌባ። ምሁሯ ለተማሪነት ዕድሜዋ ገፋ ያለ መሰላቸው። ባለፈው ክረምት እዚያው ግቢ የሚኖረውን የጫማ ሠሪ ቤት ያራቆቱት ሌቦችም፣ እንደ ፖሊስ አባባል፣ «በሚገባ አጥንተው» ነበር የገቡት።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከማስጫው ገመድ ላይ አንዲት ካልሲ እንኳ አልተረፈችም። በየበሩም ጡጫ የሚያክል ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ምሁሯ ይህን አይታ፣ «የነዋሪው የንብረት አያያዝ የሚደነቅ ነው» ስትል በልቧ መዘገበች።

ከዚያም በየደጁ እየዞረች በታላቅ ትሕትና መጠየቅ ጀመረች። ከቤት የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው? ቀድሞ የሚመለሰው ማን ነው? ቤቱ ሰው የማይኖርበት መቼ መቼ ነው?

ጫማ ሠሪው መዶሻውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። «የኔ እህት፣ ስንት ሰዓት ብትመጪ እንደሚሻል ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ ጋሼ!» አለች በደስታ። «ለእርስዎ የሚመችዎትን ብቻ ይንገሩኝ።»

እሑድ ረፋድ ላይ አከራይዋ ግቢውን ሰበሰቡ። ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸውና፣ በሹክሹክታ መናገራቸው ለሚያውቃቸው ሁሉ አስደንጋጭ ነበር።

«ስሚ ልጄ፣ የላከሽ ማን ነው?»

«ማንም አልላከኝም፣ እትዬ። ከእኔ በፊት ይህን የሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ የእነሱን ፈለግ ተከትዬ ነው።»

«ጭራሽ ሴቶችም አሉበት!» አለ ጫማ ሠሪው።

«እንዲህ ያለ ሰፈር እየገቡ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ…» ስትል ምሁሯ ቀጠለች።

«እና ተያዙ?» አለች፣ ልጇን አዝላ ቆማ የነበረችው የፋብሪካ ልብስ ሰፊ።

«አንዳንዶቹ ታስረዋል፤» አለች ምሁሯ፣ እውነት መደበቅ አይሆንላትምና። «ኋላ ግን ዓለም አከበራቸው።»

ግቢው አጉረመረመ። ያን ጊዜ ነገሩ ለምሁሯ ገባት።

«እንዴ! ሌባ ናት ብላችሁ ነው?»

«እኛ ምን አልን?» አሉ አከራይዋ። «ላጠና መጣሁ ያልሽው አንቺ። እንግዲህ እሾህን በእሾህ ነው፤ እኛም እናጥናሽ። ካላመንንሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ውልቅ!»

ጥያቄው ከየአቅጣጫው ዘነበ። ለምን አላገባሽም? መብራት አብርተሽ የምታመሺው ምን ልትሠሪ ነው? ትናንት ከክፍልሽ የሸተተን ምን ተቃጥሎ ነው? እናትሽስ እዚህ መሆንሽን ያውቃሉ?

«ይሄማ የግል ጉዳዬ ነው!» አለች ፊቷ ቀልቶ።

«የእኛስ የማን ጉዳይ ነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ምሁሯ ጎረቤት ሁኚ የሚለውን ምክር ያገኘችበትን ገጽ በቀይ አስምራበታለች፤ ይሁንና እስካሁን ከጎረቤትነት ይልቅ ወደ ሰው ቤት ብቻ የሚያይ መስኮት ሆና መሰንበቷን ማንም ሳይነግራት ተረዳችው። ሻንጣዋ በዓይነ ሕሊናዋ ከደጅ ሲወጣ ታያት። ዕቃ ቤቱም አብሮ ሊሄድ ነው።

«እናቴ አታውቅም፤» አለች በመጨረሻ። «ሆቴል ያረፍኩ ነው የሚመስላት። የተቃጠለው ሩዝ ነው። ሩዝ እንዲሆን አስቤ ነበር ማለቴ ነው።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት።

«የምፈልገው ያንን ዕቃ ቤት ነው፤» ስትል ቀጠለች። «እናንተ ሥራ ስትሄዱ ልጆቻችሁን ልይዝበት።»

«ልጅ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አሉ አከራይዋ።

«አላውቅም። ግን ላጠ…» ምላሷን ነከሰች። «ግን ካሳያችሁኝ እለምዳለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ አከራይዋን አየቻቸው። ከዚያ ማዘያዋን ፈታችና ሕፃኑን ምሁሯ ክንድ ላይ ዱብ አደረገችው። «እንኪ እስቲ።»

ሕፃኑ ፊቷን አንድ ጊዜ መረመረና እሪታውን ለቀቀው። መነጽሯን ነጥቆ ወረወረ፤ እሷም መነጽሩን አድናለሁ ስትል እሱን ልትለቀው ምንም አልቀራት። እናቲቱ ከሥር ቀለበችው።

«ሌባስ አይደለችም፤» ሲል ጫማ ሠሪው ፈረደ። «ሌባ የያዘውን እንዲህ አይለቅም።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አከራይዋ ግን አልሳቁም፤ ድምፃቸው ብቻ ወደ ጤነኛው ጩኸቱ ተመለሰ።

«ከሥር ደግፊው እንጂ፣ አንቺ! እንደ መጽሐፍ በሁለት ጣት ነው እንዴ የሚያዘው? ዕቃ ቤቱን ነገ ጥረጊ። አስጠርጊ አላልኩም፤ ጥረጊ!»