ለሽማግሌ የተቀመጡ አውራ ዶሮዎች

ኦቦ ሙለታ ዘጠኝ አውራ ዶሮና ሁለት ሴት ዶሮ ነበራቸው። ዶሮ ያረባ ሰው ነገሩ መገልበጡን ወዲያው ያውቀዋል። አንድ አውራ ለአስር ሴት ይበቃል፤ እዚህ ግን ሁለቱ ምስኪኖች ቀኑን ሙሉ ሲሸሹ ስለሚውሉ እንቁላል የሚጥሉት ፋታ ባገኙ ቀን ብቻ ነበር። ዘጠኙ ደግሞ ጎህ ሲቀድ በተራ ይጮሃሉ፣ ረፋድ ላይ ይደባደባሉ፣ በተረፋቸው ጊዜ የሰው ሰላጣ ይበላሉ።

ቦታው አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ነው። ቀበሌው ለአስራ አራት ሰዎች ከፋፍሎ የሰጠው የአትክልት መሬት ሲሆን፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አስር እርምጃ በሃያ እርምጃ ነው። የኦቦ ሙለታ ድርሻ የተመዘገበው በሚስታቸው በወርቅቱ ስም ነበር። ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን፣ ድንቹን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ የዶሮውን ቤትም ከአሮጌ ቆርቆሮ ያሠራችው እሷ ናት። እሷ ስታርፍ ኦቦ ሙለታ መሬቱንም ዶሮዎቹንም ወረሱ። ጎመኑን በአንድ ክረምት ለመዱት። የዶሮው ነገር ግን አልሆነላቸውም፤ ማረድ አይችሉም።

ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማንስ ይጠረጥራል? ኦቦ ሙለታ ሠላሳ ሁለት ዓመት በድሬሰርነት ሠርተው የግማሽ አምቦን መቀመጫ በመርፌ የወጉ፣ በገጀራ የተከፈተ እግር የሰፉ፣ ሰው እስከ ዛሬ «ዶክተር» የሚላቸው ሰው ናቸው። ደም አይፈሩም። ችግሩ ሌላ ነው። ክንፉን ረግጠው አንገቱን ሲይዙ፣ የዶሮው የልብ ምት ጣታቸው ላይ ይመታል። ድሬሰር ደግሞ የልብ ምት እጁ ላይ ከመጣ ሰዓቱን አይቶ መቁጠር ነው የለመደው። ኦቦ ሙለታ ይቆጥራሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸው ቢላዋውን ያስቀምጣል።

ወርቅቱ በነበረችበት ጊዜ መላ ነበረው። «ሙለታ ዛሬ ተረኛ ነው» እያለች ዶሮውን በነጠላዋ ሸፍና ጎረቤት ታሳርደዋለች። በዚህ አገር ዶሮ ማረድ የወንድ ሥራ ነው። ባል የሌላት ሴት በበዓል ዋዜማ ደጅ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ «እባክህ ባርክልኝ» ትላለች፤ ቢላዋዋን ትሰጠዋለች፣ ያርድላታል፣ ይሄዳል። ጢሙ የሸበተ ወንድ ደጅ ቆሞ እንዲህ ሲል ግን ታይቶ አይታወቅም። ኦቦ ሙለታም የመጀመሪያው ለመሆን አልፈለጉም።

ወርቅቱ ባረፈች በዓመቱ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ የአትክልተኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር ኦቦ ዲንሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ የሰላጣው ባለቤትም እሳቸው ናቸው።

«ይሄ አውራ ሰብቷል። አታርደውም እንዴ?»

«ይሄማ ለጃለኔ ሽማግሌ ሲመጣ ነው» አሉ ኦቦ ሙለታ። ከየት እንዳመጡት ራሳቸውም አያውቁም።

ጃለኔ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። መልሱ ፍቱን ሆነ። ኦቦ ዲንሳ ራሳቸውን በአክብሮት ነቅንቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቆርቆሮ ቤት የተፈለፈለ ወንድ ሁሉ ለሽማግሌ ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ። ሽማግሌ አልመጣም፤ አውራ ዶሮው ግን በየዓመቱ ጨመረ። ሰው ወንዝ ዳር ሲያልፍ ዶሮዎቹን ይቆጥርና ለልጅቷ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ ጊዜ ኦቦ ሙለታ ጨክነው ሁለቱን ለመሸጥ ገበያ ቢያወጡ፣ ገዢ ሳይመጣ ሦስት ሴቶች መጥተው «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር የፈቀደው ነው የሚሆነው» ብለው አጽናኗቸው። ዶሮው ከተሸጠ በልጅቷ ተስፋ ተቆርጧል ማለት ነው። ኦቦ ሙለታ አመስግነው ዶሮዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ።

ጭራሽ ነገሩ ስብሰባ ገባ። በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ አጀንዳ ሦስት «ስለ ቦይ ጠረጋ»፣ አጀንዳ አራት «ስለ ወይዘሪት ጃለኔ ሙለታ» ተብሎ ሰፍሯል። ኦቦ ዲንሳ እንዳስረዱት ልጅቷ ካላገባች ዶሮዎቹ አይታረዱም፤ ዶሮዎቹ ካልታረዱ ሰላጣ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከዘመዶቹ መካከል ለትዳር የደረሰ ወንድ እንዲያፈላልግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ጥሩሰው፣ በቀኝ በኩል ያለው የካሮት መደብ ባለቤት፣ ባኮ ያለውን የወንድማቸውን ልጅ እዚያው ጠቆሙ። ኦቦ ሙለታም እጃቸውን አውጥተዋል። ምን ያድርጉ?

ጃለኔ ስለ ዶሮዎቹ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አባ፣ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ዘጠኝ ደረሱ ወይ ይሉኛል» አለች። «ቆይ እስቲ» አሏት። ደግማ አላነሳችውም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ በዚያ ወንዝ ዳር ስታልፍ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ጎመኑ ያዞራሉ።

በ2002 ዓ.ም. ጥር ላይ ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑ ተሰማ። ልጁ ጋዲሳ ይባላል፤ እሱም አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ ጊንጪ ናቸው። ቀኑ እሑድ ሆነ። አትክልተኞቹ ደስታቸውን አልቻሉትም። ኦቦ ዲንሳ አጥር ዘለው መጥተው አቀፏቸው፤ አራት ዓመት በጎሪጥ ሲያዩዋቸው የነበሩ ሰው ናቸው። «ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ እናርዳለን፤ ውሃው እዚህ፣ ቦታው ሰፊ» አሉ። ኦቦ ሙለታ «እሺ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ የላስቲክ ሳፋቸውን ይዘው መጡ። ወይዘሮ ጥሩሰው ሁለት ድስት ውሃ ጥደው እሳቱን ያራግባሉ። ዘጠኙ አውራዎች እግራቸው ታስሮ ጎመኑ ሥር ተደርድረዋል፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለዋል። ኦቦ ዲንሳ ቢላዋውን ስለው በእጀታው በኩል አቀበሉ።

«በል ዶክተር፣ የልጅህ ነው። አንተ ጀምር።»

ኦቦ ሙለታ ቀዩን አነሱ፣ ክንፉን ረገጡ፣ አንገቱን ያዙ። ጣታቸው ላይ መታ። ስልሳ ደረሱ፤ መቶ ደረሱ። ሰው ሁሉ የሚጸልዩ መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገ። ሁለት መቶ ላይ አንደኛዋ ሴት «ጸሎቱ ረዘም አለ እኮ» አለች።

በዚህ መሐል ጃለኔ ከቤት መጣች። አባቷን አየች፤ ቢላዋውን አየች፤ ፈጠን ብላ ደረሰች።

«የአባቴ ግፊት ተነስቷል» አለች ለሴቶቹ፣ ደረቅ ባለ የአስተማሪ ድምፅ። «ሐኪሙ አጎንብሶ መሥራት ከልክሎታል። አባ፣ ና እረፍ።»

ክንዳቸውን ይዛ ከዶሮው ቤት ጀርባ ወሰደቻቸው። ኦቦ ሙለታ ዶሮውን እንደታቀፉ ሄዱ።

«ግፊት የለብኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ማረድ እንደማትችል አውቃለሁ፣ አባ። እማዬ ሳትሞት ነግራኛለች። ‹ሰው ፊት እንዳያዋርዱት አደራ› ብላኛለች።»

ከቆርቆሮው ቤት ወዲያ ኦቦ ዲንሳ ከሴቶቹ ጋር ውሃው ፈላ፣ አልፈላም እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

«እያወቅሽ ነው? አራት ዓመት? ከተማው በሙሉ በዶሮ ሲቆጥርሽ?»

«ሰው መቼም ማውራቱ አይቀር» አለች። ከዚያ የዶሮውን ቤት ቆርቆሮ በጥፍሯ እየፋቀች፣ «ጋዲሳ ሽማግሌ ልላክ ካለኝ እኮ ሁለት ዓመት ሆነው። ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን?»

«ሽማግሌ ከመጣ ዶሮዎቹ ይታረዳሉ። ዲንሳ ቢላዋ ይሰጥሃል። ምን ትሆናለህ ብዬ ነዋ። አሁን ግን የጋዲሳ አባት ታመዋል፤ ከዚህ በላይ ማቆየት አልቻልኩም። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አለች። ኦቦ ሙለታ ብዙ ሬሳ ያዩ፣ በሚስታቸው ቀብር ላይ እንኳ ራሳቸውን የቻሉ ሰው ናቸው፤ እዚያ ቆርቆሮ ቤት ጀርባ ግን እንባቸው ዶሮው ላይ ወረደ። አፈሩ። ያፈሩት ዶሮ ማረድ ስላቃታቸው አልነበረም። የእሳቸውን ውርደት ሸፍናላቸው የኖረችውን ልጅ፣ ራሳቸው አደባባይ አውጥተዋት እንደነበር ገባቸው።

ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ሴቶቹ ተመለሱ።

«ግፊት የለብኝም» አሉ ጮክ ብለው። «ዶሮ ማረድ አልችልም። ኖሬም አርጄ አላውቅም። ለሽማግሌ ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። ልጄ የሚፈልጋት አጥታ አይደለም የቆየችው። በእኔ ምክንያት ነው።»

ወይዘሮ ጥሩሰው ማራገቢያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ኦቦ ዲንሳ ወደ ሰላጣ መደባቸው ዞረው አዩ።

«አራት ዓመት ሰላጣዬ የተበላው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«አንድ ቀን ባርክልኝ ብትለኝ እኮ አርድልህ ነበር።»

«አፍሬ ነው፣ ዲንሳ።»

ኦቦ ዲንሳ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በል እሱን አምጣው» አሉ፤ አመጡላቸው። ዘጠኙንም ሳያርፉ አረዱ። ሥራው ደስ እንዳላቸው አልደበቁም። ኦቦ ሙለታ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ወንዙ ዞረው የቀይ ሥሩን አረም ነቀሉ። ወይዘሮ ጥሩሰው ላባውን እየነጩ፣ «የወንድሜን ልጅ በከንቱ አስቸገርኩት» አሉ።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ አምስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ከጊንጪ ደረሱ። የሚመሯቸው ኦቦ ተሬፋ የሚባሉ፣ ንግግር አዋቂነታቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ወጉ ግልጽ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፤ የልጅቷ አባት ቶሎ ተቀመጡ አይልም። «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያመላልስ ልጁን የሚሰጥ አባት ልጁን አቀለለ ይባላል። ኦቦ ተሬፋ ለሦስት ጉዞ የሚበቃ ንግግር አዘጋጅተው ነበር የመጡት።

በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገለኒ ዋቃ ሃ ገኡ፤ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኛ እንግዲህ ከሩቅ የመጣነው...»

«ሰጥቻለሁ» አሉ ኦቦ ሙለታ።

ከኋላ ያሉት አራቱ ተያዩ።

«ኦቦ ሙለታ፣ ገና እኮ አልጠየቅንም» አሉ ኦቦ ተሬፋ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃችኋል» አሉ ኦቦ ሙለታ። «ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ግቡ፣ ተቀመጡ።»