የግርማይ ጣት ልክ

ዝናቡ የካዛንቺስን ቆርቆሮ በአንድ ዜማ ሲመታ፣ ግርማይ የአጸደን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ባንኮኒ ተደግፎ ግማሽ ሕልም ውስጥ ነበር። ከፊቱ በየመሳቢያው ግላንድ ተከምሯል፤ ኬብል ወደ መብራት ሳጥን ሲገባ አንገቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው፣ ውኃ እንዳያስገባ የሚከለክለው የፕላስቲክ ቀለበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልኩን የመረጠው በመለኪያ አልነበረም። ከሚሠራበት ቤት ስንዝር የምታህል ኬብል ቆርጦ ይመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በሁለት ጣቶቹ መሀል ያሻታል። ከዚያ «ሃያ» ይላል፤ ወይም «ሃያ አምስት»። ተሳስቶ አያውቅም። ሰፈሩ በጣቱ ይምል ነበር ብል አላጋነንኩም።

ዓይኑን ሲጨፍን የገጠማቸው ሳጥኖች ሁሉ ይመጡለታል፤ ከፈረሱት ግቢዎች፣ ዛሬ ከሌሉት አጥሮች። በሕልሙ የአንዱም መብራት አልጠፋም።

ዛሬም ጨፈነ። ሳጥኖቹ መጡ፤ ኬብሏ ግን ምንም አልነገረችው። ከመስከረም ጀምሮ የስኳር በሽታው ጣቶቹን አደንዝዟቸው፣ በግምት ነበር የሚሠራው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግርማይ ግን ከመድኃኒቱ ስሙን መርጦ ነበር። ደረቅ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ!

«ጋሽ ግርማይ፣ እንደ ባለፈው ሃያ አምስቱን ልስጥዎ?» አለች አጸደ።

«አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን የዛሬው ሳጥን ኦሎምፒያ አጠገብ ያለ መዋዕለ ሕፃናት የውጪ ግድግዳ ላይ ነው፣ የሕፃን እጅ በሚደርስበት ቁመት። ግላንዱ ከላላ ዝናቡ በኬብሉ ተንሸራቶ ይገባል። ትንንሽ እርጥብ መዳፎች ግድግዳውን ሲዳብሱ ታዩት፤ ፈራ።

«ሉሊ፣ ነይማ» ሲል በሩ ላይ የምትጠብቀውን ልጁን ጠራ። ሉሊ ሙያውን ኮሌጅ ተምራ አብራው መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቁራጯን ኬብል መዳፏ ላይ አኖረላት። «አንቺ ምረጪ። የኔ ጣት... በቃ ሞቷል። ከመስከረም ወዲህ ምንም አይሰማኝም።»

አጸደ ያልሰማች ለመምሰል መሳቢያ ታስተካክል ጀመር።

ሉሊ ሁለት ግላንድ ሞክራ አንዱን መለሰች። «ሃያ አምስቱ ይላላል። ሃያ ነው አባዬ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አውቅ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ጣትህን። ማለቴ... ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ የምልህ፣ አንተ የገጠምካቸውን እየዞርኩ ስቀይር ነው።»

ግርማይ ጆሮው ድረስ ጋለ። አፈረ፣ ተናደደ፣ ደግሞም ቀለለው።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ።»

«ከነዚያ ሁሉ አንድ እንኳ ልክ አልነበረም?»

«አንድ አለ። የቤታችን፣ የእማዬ ኩሽና። እሱን አልነካሁትም።»

ያንን ያስታውሰዋል። በጣቱ ስላላመነ ሦስቴ ፈትቶ፣ በሚስቱ የልብስ ስፌት ሜትር ለክቶ ነበር የገጠመው። ለሌሎቹ ቤቶች ግን እንዲያ አልፈራላቸውም። ይህ ከሁሉ በላይ ቆረቆረው።

ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ለሉሊ ሰጣትና ባንኮኒውን ተደግፎ የቆመውን ዣንጥላቸውን አነሳ።

«እኔ ጥላውን እይዝልሻለሁ» አላት፤ ተያይዘው ወደ ኦሎምፒያ ወረዱ።