በጉ መጣ

«እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም እኮ!» አለች እትዬ ቀፀላ፣ ያንሾካሾከች መስሏት። የእሷ ሹክሹክታ እንኳን እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ምድር ቤት ላለው አርመናዊ ጫማ ሰፊም ይሰማል። «ጓደኛዋን በሣጥን ሸኝታ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ያኒ፣ ማለቴ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

እስከዳር ሰምታለች። ባልኮኒው በር ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ በልብስ ማስጫው ገመድና በኤሌክትሪክ ሽቦው ጥልፍልፍ መሃል የምትታየውን ቁራጭ ሰማይ ትመለከታለች። በዚህ የቤይሩት ሰፈር፣ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ፣ ከዚያ የሰፋ ሰማይ አይገኝም።

እሑድ ነው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩት ሁሉ ዛሬ ስለሚወጡ፣ ሟቿ ተዋበችና እስከዳር አብረው የተከራዩዋት ክፍል በለቅሶ ደራሽ ተጨናንቃለች። ሻይ ከቴርሞስ ይቀዳል። ወሩ ጽጌ ነውና የሚጾሙትን ላለማስቀየም እትዬ ቀፀላ ታቡሌ የሚባለውን የሊባኖስ ሰላጣ ልትሠራ ባቅዱኒስ የሚሉትን የሰላጣ ቅጠል ከፊቷ ከምራዋለች። ቅጠሉን እየለቀመች ትከትፋለች፤ እየከተፈች ታማለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እስከዳር ሐዘኑ ሳይሰማት ቀርቶ አይደለም። ተዋበች ከሞተች ወዲህ እህል በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏታል። ግን ቃል ገብታለች። ቃሉ ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሊያወሩት እንኳ የሚያሳፍር ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል እልል ልትል!

ነገሩ እንዲገባችሁ ከበጉ መጀመር አለብኝ።

ተዋበች ቤይሩት የገባችው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ከምካሌስ ፋብሪካዎች በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ማዳም ቤት ተቀጠረች። ዐረብኛዋ ገና ከወጥ ቤት ያልዘለለ ነበር። እንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ አገሯ በልቧ እንደተንጠለጠለ፣ አንድ ጠዋት ማዳሟ ባልኮኒው ላይ ቆማ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበች «ኢጃ ል-ኸሪፍ! ተዋበች፣ ኢጃ ል-ኸሪፍ!» ብላ ጮኸች። መጸው መጣ ማለቷ ነው። ተዋበች ግን ኸሪፍን ኸሩፍ ብላ ሰማችው። ኸሩፍ ደግሞ በግ ነው።

«ተመስገን አምላኬ! ለካ እነዚህም ለዓመት በዓል ያርዳሉ!» አለችና ትልቁን ሰፌድ... ምን ሰፌድ፣ እዚያ ቤት ሰፌድ የት አለ፣ ትልቁን ሳፋ አጠበች። ለበጉ ሳር ብታጣ ከፍሪጁ አንድ እስር ባቅዱኒስ ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ደጅ ላይ ቆማ፣ ባቅዱኒሱን ወደ መንገዱ ዘርግታ «ና ማሙሽ! ና!» ስትል ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደባት። ማዳሟ ከላይ ሆና ነገሩ ሲገባት፣ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር ይባላል።

ከዚያ ሰንብቶ ማዳሟ ተዋበችን ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት። በጋውን ሁሉ አመድ መስሎ የከረመው ኮረብታ አረንጓዴ አቆጥቁጧል። ወይኑ ቅጠሉን አቅልቶ ያራግፋል፤ ከሥሩ ሳሩ ይወጣል። ከድንጋዩ ስንጥቅ ደግሞ ቅጠል እንኳ ሳትጠብቅ በባዶ አንገቷ ብቅ ያለች ሐምራዊ አበባ! ተዋበች ተንበርክካ «አንቺ የአደይ እኅት፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ቁጥር «በጉ መጣ!» እያለች ባቅዱኒስ ይዛ ወደ ደጅ መሮጥ ልማዷ ሆነ። ማዳሟ አርፋ፣ ቤቱ ተዘግቶ፣ ቡርጅ ሐሙድ ከገባች በኋላም አልተወችውም።

እስከዳርም ያገኘቻት እንዲያ ስትጮህ ነው።

ኻልዴ ካለው የአሠሪዎቿ ቤት በነጠላ ጫማ ወጥታ የጠፋች ዕለት፣ ሰርቪስ ታክሲው ሐበሻ አይጠፋበትም ብሎ ቡርጅ ሐሙድ ጣላት። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሱቁ ደጃፍ ይሸሻል። አንዲት ሴት ብቻ መሃል መንገድ ላይ ቆማ፣ ባቅዱኒስ ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ «እልልል! በጉ መጣ!» ትላለች።

«በስመ አብ! ይቺስ ለይቶላታል» አለች እስከዳር በልቧ።

ሴትዮዋ ዞር ብላ የእስከዳርን እርጥብ ነጠላ ጫማ፣ ባዶ እጇን አየች። ከማን ቤት ጠፋሽ አላለቻትም። ምን ሆንሽም አላለቻትም። እስሩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻት።

«ያዢ! በግ በባዶ እጅ አይጠራም።»

እስከዳር ከስንት ወር በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው። የዚያኑ ዕለት አብራት ወደዚች ክፍል ገባች፤ በዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ መጸው ሲገባ ሁለቱ ኮረብታው ላይ ይወጣሉ። በኋላ ቀልደኛዋ ጓደኛቸው ፋሲካ ተጨመረች። በዝናብ የታጠበ አየር ነው፤ ባሕሩ እስከ ዳር ይታያል፤ ወይራ የሚለቅሙት ሰዎች ከዛፉ ሥር «ያላ፣ ተፈደሉ!» ብለው ዳቦ ይጋብዟቸዋል። «እዚህ አገር የሚገድለው በጋው ነው» ትል ነበር ተዋበች። «ሰዉ ቅጠል ረገፈ ብሎ ይተክዛል። ጎንበስ ብለሽ ሥሩን እዪው እንጂ!» ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ ከመንገዱ ላይ አንጋጣ ከነሱ በላይ የምትኖረውን እትዬ ቀፀላን ትጣራለች። «እትዬ ቀፀላ! ውረጂ እንጂ! በግሽ መጣልሽ!» እትዬ ቀፀላ «ኸላስ፣ አንቺ ልጅ! ሥራ አለብኝ!» ብላ መስኮቷን ትዘጋለች።

ዘንድሮ በጋው ተዋበችን አልጋ ላይ ጣላት። ሆስፒታል ሳለች አንድ ቀን የእስከዳርን እጅ ያዘች።

«እስኩዬ፣ እኔ ባልኖርም እንዳታሳፍሪኝ። ሌላ ጊዜ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺልኝ። በጉን ግን በለቅሶ እንዳትቀበዪብኝ።»

«እሺ» አለች እስከዳር። «እሙትልሽ፣ እሺ።»

አሁን ክፍሉ ውስጥ መጋረጃው ተነፋ። የአቧራ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ንፋስ ገባ። ፋሲካ ሰማዩንም እስከዳርንም አየችና ተጠጋቻት።

«እንዳታደርጊው» አለቻት በጆሮዋ። «እልል ካልሽ በጓደኛዋ ሞት ተደሰተች ነው የሚሉሽ። እትዬ ቀፀላ ፊቷን ካዞረችብሽ እዚህ ሰፈር ማን ያናግርሻል? ከነሱ ሌላ ማን አለሽ?»

«ቃሌስ?»

«ቃሉን ለሞተች ሰው ነው የሰጠሽው። የምትኖሪው ግን ከነዚህ ጋር ነው፣ እስኩ።»

እውነቷን ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሴት ብትታመም የሚያስታምሟት፣ ብትሞት የሚሸኟት እነዚህ ናቸው። እስከዳር ፈራች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም፤ የሻይ ብርጭቆዋን ሳትጠጣው መሬት አስቀመጠች።

ጠብ! ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አንድ ጠብታ። ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተንኳኳ። ከመንገዱ የራሰ አቧራ ሽታ ሽቅብ መጣ፤ አንዲት ሴት ሳታስበው «እፎይ!» አለች።

እስከዳር ተነሣች። የባልኮኒውን በር በረገደችና፣ ከተዋበች ሞት ወዲህ ደረቷ ውስጥ የታመቀውን ሁሉ ለቀቀችው።

«እልልልልልል! በጉ መጣ! ተዋበች፣ በጉ መጣ! እልልልልል!»

አንዷ «ሐራም!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የመክተፊያው ድምፅ ቆመ። እትዬ ቀፀላ ቢላዋዋን አስቀምጣ ብድግ አለች። ፋሲካ ልታስታርቅ መሃል ገባች፤ ዛሬ ጥፊ አይቀርም ብላለች።

እትዬ ቀፀላ ግን የተረፈውን ባቅዱኒስ በእቅፏ ሰብስባ፣ ማንንም ሳታይ በሩን ከፍታ ወጣች። ነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ጧ ጧ ሲል ተሰማ።

እስከዳር ከባልኮኒው ቁልቁል አየች። እትዬ ቀፀላ ጥቁር ነጠላዋ እየራሰ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆማለች። ያ ጫማ ሰፊ ከደጃፉ አፉን ከፍቶ ያያታል። አንጋጠጠች።

«ምን ታያለሽ? ውረጂ እንጂ!»

እስከዳር እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ስትደርስ እትዬ ቀፀላ ጠጋ አለቻት።

«ተዋበች ስትጠራኝ ሥራ አለብኝ እላት ነበር» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ በእውነት ሹክሹክታ ሆነ። «ምን ሥራ ነበረኝ? ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ሳይሽ አይደል የምውለው... ሳያት ማለቴ ነው። አንዷንም ቃሏን አልረሳኋትም።»

ከላይ ፋሲካ እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ባልኮኒው ሞላ፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በሽቦው ጥልፍልፍ መሃል እጃቸውን ወደ ዝናቡ ዘርግተው ሰፈሩን በእልልታ አናጉት።

እትዬ ቀፀላ እቅፏን ለሁለት ከፈለችው።

«ያዢ» አለች፤ «በግ በባዶ እጅ አይጠራም።»

እስከዳር ግማሹን ተቀበለች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ አልከለከለችውም። እያለቀሰችም፣ እየሳቀችም፣ ባቅዱኒሱን ወደ ባዶው መንገድ ዘረጋች።

«ና ማሙሽ» አለች። «ና!»