የእሳት ሱት

ጥዑመልሳን ዋይሊ ከተማ የሚገኘው የእህቱ ቤት ሲደርስ መኪናውን ፓርክ ያደረገው ግማሹን ሣሩ ላይ ነው። ከሚኖርበት ከግሬፕቫይን እስከዚያ ድረስ ብቻውን እየተከራከረ ነድቶ፣ ሳይደርስ ሁሉንም ረትቶ ጨርሷል።

ታላቅ እህቱ እማዋይሽ ሐሙስ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላት። ሐኪሙ ቫልቩ ካልተቀየረ ዓመቱን አትደግሚም ብሏታል። ዛሬ ጠዋት ግን ደውላ፣ «ካንስል ላደርገው ነው፤ ስርጉት ካርታ አውጥታልኝ አይሆንም ብላለች» አለችው። ስርጉት ጎረቤቷ ናት፤ ጸጉር መሥራቱን ትታ ታሮት የሚሉትን የካርታ ጥንቆላ ከዩቲዩብ የለቀመች። ድሮ ቢሆን ጠንቋይ ትባል ነበር፤ አሁን ቢዝነስ ካርድ አላት።

ስርጉት ሳሎኑ ውስጥ ከእማዋይሽ ጋር ተቀምጣ ጠበቀችው። ጠረጴዛው ላይ ካርታው ተዘርግቷል፤ መሃል ያለው ላይ ዐሥር ረጃጅም ዘንግ ታቅፎ የጎበጠ ሰው ተስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው? እንጨት ለቃሚ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ። ሶ፣ ይሄ የእሳት ሱት ነው። እትዬ እማዋይሽ የእሳት ሱት ለብሰዋል። ማለቴ፣ መንፈሱ አልብሷቸዋል። ዐሥር ደግሞ ሙሉ ነው። በዚህ ላይ ቢላዋ ከነካቸው ሱቱ ይቀደድና እሳቱ ወደ ውስጥ ይገባል።»

ጥዑመልሳን አገር ቤት ሃያ ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ነው። ሣቅና ንዴት አንድ ላይ መጡበት።

«ሱት! አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሚለበሰው ሱት አይደለም! በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ ሱት ሲሉ ወገን ማለታቸው ነው! ዘንግ አንድ ወገን፣ ሰይፍ አንድ ወገን፣ ጽዋ አንድ፣ ሳንቲም አንድ። ከፈረንጆቹ ግማሾቹ እሳቱን ለዘንግ ሰጡት፤ ሌሎቹ የለም የሰይፍ ነው ብለው ይጣላሉ። እነሱ ያልተስማሙበትን እሳት አንቺ ሰፍተሽ እህቴን አለበስሻት! ለመሆኑ ልኳን ጠይቀሻታል? ሚዲየም ነው ላርጅ?»

ስርጉት ፊቷ ቀላ። ካርታዋን አፋፍሳ፣ «ኢነርጂዎ ከባድ ነው» ብላ ወጣች። ጥዑመልሳን ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ እህቱ ዞረ።

«ጨረስክ?» አለች እማዋይሽ። «አዋቂነትህን ማን ካደ? እኔ ግን አልሄድም።»

«ቃሉን ተሳስታለች እኮ ነው የምልሽ!»

«ቃሉን ተወው። ደረቴን ከፍተው ልቤን ሊያቆሙት ነው፣ ጥዑሜ። ስርጉት ቢያንስ እጄን ይዛ ነው የተናገረችው። አንተ ስትገባ እንዴት ነሽ እንኳ አላልከኝም።»

ጥዑመልሳን የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አጠገቧ ተቀመጠ። ስርጉት ስትጣደፍ ያ ባለ ዐሥር ዘንጉ ካርታ ወለሉ ላይ ወድቆ ቀርቷል። አነሣው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲታወቀው አፉ መረረው።

«እትዬ፣ እሺ፣ የእሳት ሱት ለብሰሻል። ሠለስቱ ደቂቅ እቶኑ ውስጥ ሲጣሉ ልብሳቸው ተቃጠለ?»

«ገብርኤል እያለ? የምን መቃጠል!»

«እሳት ያልጎዳውን ሰው ታዲያ ቢላዋ ምን ያደርገዋል? ደግሞ እዪው፤ ከሰውዬው ፊት ለፊት ቤት አለ። ሸክሙን ሊያወርድ እየሄደ ነው እንጂ ሊሞት አይደለም።»

እማዋይሽ ካርታውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ጥዑመልሳን በሆዱ ራሱን ይሰድብ ነበር፦ በጠንቋይ ላይ የተደረበ ጠንቋይ፣ ያውም ዩቲዩብ እንኳ ያላየ!

«ቤቱ ትንሽ ናት» አለች በመጨረሻ። «ግን አለች። ሐሙስ በስንት ሰዓት ትወስደኛለህ?»

«ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ተኩል።»

«ጥሩ። ነገ ግን ለስርጉት ካርታዋን ትመልስላታለህ። ይቅርታም ትላታለህ።»

«ለዚያች መሃይም?»

«ሱቴን የሰፋችልኝ እሷ ናት» አለች እማዋይሽ።

ጥዑመልሳን እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ካርታውን እንዳይታጠፍ አድርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።