ተራው ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ጠፋ፤ የኮምፒውተሩ ስም በነጭ ፊደል ብቅ ብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። ኑርሃን ይህንን አራት ጊዜ አየች እንጂ እጇን አላነሳችም። ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጎን ካለችው ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቋ ይዛው የመጣችው ቦርሳ እንደተዘጋ እግሯ ሥር ነበር። የታመመ ማሽን ከመንካቷ በፊት ዝም ብላ ማየት ትወዳለች። ደንበኞቿ ግን ይህንን ልማዷን ስንፍና ይሉታል።

«ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ባለሙያ በስልክ ‹ፎርማት አድርጉትና ተገላገሉ› ብሎኝ ነበር» አለች ሳምራዊት፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ጸሐፊ። «እኔ ግን ፈራሁ።»

«ደግ አደረግሽ። ፎርማት ከተደረገማ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የተገላገልነው ከውሃ ተራው ዝርዝርም ጭምር ነው።»

ኑርሃን ይህንን ያለችው ከመጽሐፍ አንብባ አልነበረም። ሥራ በጀመረችበት ዓመት የአንድ ነጋዴን ኮምፒውተር ቸኩላ ፎርማት አድርጋ፣ ሰውየው የልጁን የሰርግ ፎቶዎች ሲፈልግ የሆነውን እስከ ዛሬ አትረሳም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችው የማይለቀም ነበር።

ዛሬ የሚፈለገው ፎቶ ሳይሆን የውሃ ተራ ነው። ከሮቢ ወንዝ የሚወጣው ቦይ ሠላሳ አንድ አባወራ ያጠጣል። ወንዙ በየካቲት ሲቀጥን ውሃው በዕጣ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት ይደርሰዋል። ዕጣውን የሚያወጡት የውሃ አባት የሚባሉት ጋሼ ገብረሚካኤል ናቸው። ብጣሽ ወረቀቶቹን ከባርኔጣቸው ውስጥ አንድ በአንድ እያወጡ ስም ይጠራሉ፤ ሲጨርሱም ማንም ተመልሶ እንዳይከራከርበት ወረቀቶቹን ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ይጥሏቸዋል። ዕጣው ከውሃው ጋር ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተራው የሚኖረው በእሳቸው አፍ ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እንዲያ ኖሯል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን እሳቸው ሲጠሩ ሳምራዊት ከሥር ከሥር ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች። የዘንድሮው ዕጣ ከወጣ ዐሥር ቀኑ ነው። የማተሚያው ቀለም አልቆ ስለነበር ዝርዝሩ በወረቀት አልወጣም።

የመጀመሪያው ተራ ዛሬ ይጀምራል፤ ክርክሩም እዚያው መጀመሪያው ላይ ነው። ፈይዛ አንደኛ ነኝ ትላለች፤ አንዋርም አንደኛ ነኝ ይላል። ሁለቱም ከቢሮው ውጭ፣ ማንጎው ሥር፣ ከሌላው ሰው ጋር ቁጭ ብለዋል። የአንዋር ማሾ አበባ ላይ ነው፤ ሁለት ቀን ቢቆይ ይከፋዋል እንጂ አይሞትም። የፈይዛ ሽንኩርት ግን ችግኙ ከመደብ ወጥቶ ከተተከለ ገና አራት ቀኑ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታርሰው አንድ ጥማድ መሬት ላይ ያላት ሁሉ እሱ ነው። በዚህ ሙቀት ዛሬ ውሃ ካላገኘ ለሐሙስ የሚተርፍ ነገር የለም።

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? አታስታውሽም?» አለች ኑርሃን።

«ፈይዛ ትመስለኛለች። ግን በይመስለኛል ውሃ አይለቀቅም።»

«ጋሼስ?»

ሳምራዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የገረመኝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ጠዋት እሳቸውን ጠየቀ። ‹ተራው ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ይውጣ› ብቻ ነው ያሉት።»

ጋሼ ገብረሚካኤል በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠርዙን በጣቶቻቸው ያዞሩታል። ሁዳዴ ትናንት ገብቷል፤ ሆኖም የፊታቸው መጠውለግ የአንድ ቀን ጾም አይመስልም።

ኑርሃን «ቢስሚላህ» ብላ ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ ወዲያው አንዱን ቁልፍ ደጋግማ መታች። ኮምፒውተር ከእንቅልፉ ከመንቃቱ በፊት ራሱን የሚያውቅበት አንድ ገጽ አለው፤ ባለሙያዎቹ ባዮስ ይሉታል። ስንት ዲስክ እንዳለው፣ ዲስኩን በየትኛው መንገድ እንደሚያነብ፣ ቀኑ ስንት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። የዲስኩ ስም በቦታው አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ዲስኩ አልሞተም» አለች። የሚነበብበት መንገድ ግን ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ተመልሷል። ይህ ገጽ የሚያውቀውን ሁሉ የሚረሳው፣ ማስታወሻውን የምትጠብቅለት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት ነው። ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ፤ ሥሩ ተገኘ።

ከዚያ ቀኑን አየችው።

ባትሪዋ የሞተች ማሽን ቀኑንም ከፋብሪካው ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው ሞዴል 2009 ይላል። እዚህ የተጻፈው ግን ወር 6፣ ቀን 10፣ ዓመት 2018 ነበር። ሰዓቱ ሦስት ከዐሥራ ሁለት። ኑርሃን ስልኳን አየች። የካቲት ዐሥር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ። በእኛ አቆጣጠር አንድም ስሕተት የለበትም። ኮምፒውተር ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አይቆጥርም፤ ለእሱ ዛሬ 2026 ነው። ይህንን የጻፈ ሰው አለ፤ ዲፕሎማዋን በኮምፒውተር የያዘችው ሳምራዊት ደግሞ እንዲህ አትጽፍም።

«ጠዋት ማነው ያበራው?»

«ስገባ በርቶ ነው ያገኘሁት፤ እንዲሁ ሰማያዊ እያለ። ማታ ሳላጠፋው ሄጄ ይሆናል።»

«ማታ በርቶ አደረ?»

«አይ፣ ማደርስ አያድርም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ብለው ጋሼ ማታ ማታ ሶኬቱን...» ሳምራዊት ንግግሯን አልጨረሰችውም። የቢሮው ቁልፍ ከእሷና ከአንድ ሰው በቀር ማንም ጋር የለም። ወደ በሩ ላለማየት ብላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ አስተካከለች፤ የተስተካከለውን መልሳ አስተካከለች።

ኑርሃን ነገሩ ገብቷታል። አንድ ሰው ጎህ ሲቀድ ማሽኑን ነክቷል፤ እሱም ለሠላሳ ዓመት ተራውን በአፉ ይዞ ኖሮ ማሽን የተተካበት ሰው ነው። ይህ ወሬ ማንጎው ሥር ቢደርስ ሰው ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ‹ሆን ብለው አበላሹት› ነው የሚባለው።

«ሳምሪ፣ እስኪ ውጪና ለሰዎቹ ትንሽ ይቆዩ በያቸው። ባትሪ ነው የሞተው፤ ይስተካከላል፣ ኢንሻአላህ።»

ሳምራዊት ከወጣች በኋላ ጋሼ ገብረሚካኤል ገብተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ምን አድርገው ነው?»

«ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ተራውን ስቆጥር አንደኛው ጠፋኝ። ሦስተኛው አለ፣ አራተኛው አለ፤ አንደኛው የለም። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።» ባርኔጣው ቆመ። «ሰው ሳያየኝ ከማሽኑ ላየው መጣሁ። ስከፍተው ቀኑ ትክክል አይደለም አለ መሰለኝ፤ 2009 ይላል። ቀኑንም ሰዓቱንም አውቃለሁ ብዬ አስተካከልኩት። ይኸው እንዲህ ሆነ።»

«ቀኑ አይደለም ያጠፋው። እርስዎ ሳይነኩትም አይነሣም ነበር።»

«እኔን ለማጽናናት ነው?»

«አይደለም። ለማጽናናት ቢሆን የሚቀጥለውን አልነግርዎትም ነበር። ባትሪዋ ቶሎ የሞተችው ሶኬቱ ማታ ማታ ስለሚነቀል ነው። ሶኬቱ ሲነቀል ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል።»

ሽማግሌው በረዥሙ ተነፈሱ። «እኔ እኮ ልጠብቀው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ሶኬቱን ነቀለች፤ ሽፋኑን ከፈተች። የቆላው አቧራ እንደ በርበሬ ቀይቶ ውስጡን ሞልቶታል። የሞተችውን ባትሪ በጥፍሯ ፈልቅቃ አውጥታ፣ ከቦርሳዋ አዲስ ባትሪ ተካችባት። ሶኬቱ በተነቀለበት በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ያንን ቀን ረስቶታል፤ የካቲት ዐሥር፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት፣ ከሥፍራው ጠፋ። ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ይህንን ባሰበች ጊዜ ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላት ደግሞ ትንሽ አፈረች።

መልሳ ሰክታ ወደዚያው ገጽ ገባችና አዲሱን ቀን ጻፈች። ጋሼ ገብረሚካኤል በትከሻዋ በኩል ተመለከቱ።

«ስምንት ዓመት ከየት ጨመርሽበት?»

«የጨመሩት ፈረንጆቹ ናቸው።»

«ታዲያ ለዚህ ነው እኛን ሁልጊዜ የሚቀድሙን» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ።

የቀረው ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ነው። ምርጫው ሦስት ነበር፤ ዊንዶውስ ሲጫን የትኛው እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። የመጀመሪያውን ሞከረች፤ ሰማያዊ ሆነ። ውጭ የአንዋር ድምፅ ተሰማ። ጥላው ከማንጎው ግንድ እየሸሸ ነው። ኑርሃን ሁለተኛውን መረጠች፤ ለውጡን አስቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ስክሪኑ ጠቆረ። ነጩ ጽሑፍ መጣ፣ ሄደ። ጨለማው ቆየ። ከዚያ ትንንሾቹ ነጭ ነጠብጣቦች በክብ መዞር ጀመሩ፤ ዞሩ፣ ዞሩ፣ አልቆሙም። ኮምፒውተሩ ተነሣ።

ተጠርታ የገባችው ሳምራዊት ናት ዝርዝሩን የከፈተችው። ጋሼ ገብረሚካኤል ስክሪኑን አላዩም፤ ያዩ የነበረው የእሷን ከንፈር ነው።

«አንደኛ ፈይዛ። ሁለተኛ አንዋር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው ሲገልጡት እርጥብ ነበር።

«ጠዋት ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣው አንዋር ነበር» አሉ። «ይማሉ ቢሉኝ በአንዋር ነበር የምምለው። የሟች ሚስት ውሃ ልቀማ ነበር።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሁሉም ሰምቷል፤ የረሳው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያለቅስ ግን ተረቱ ከአፍ አይወጣም።

«ግን አልማሉም፤ ‹ከማሽኑ ይውጣ› ነው ያሉት» አለች ኑርሃን።

ጋሼ ገብረሚካኤል ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ የቦዩን በር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እንደ ወትሮው በእጃቸው ያዙ። እግራቸው ሶኬቱ አጠገብ ሲደርስ እጃቸው በልማድ ወደ ታች ተዘረጋ፤ ሳይነካው ተመለሰ።

«መብረቅ ቢመጣስ?»

«መብረቅ የመጣ ዕለት ይንቀሉት፤ ለዛሬ ይተውት።»

ወጡ። ልማዱ ነውና ዝርዝሩ ከየትም ይምጣ፣ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ተራው ከውሃ አባት አፍ በቃል ይሰማል። ኑርሃን የማሽኑን ሽፋን እየገጠመች አዳመጠች።

«አንደኛ! ፈይዛ!»

የሴት እልልታ አልነበረም፤ አንድ ረዥም «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ተሰማ፤ ሰው ሸክም ሲያወርድ እንደሚለው። «ሁለተኛ! አንዋር!» አንዋር አልተከራከረም፤ «እሺ፣ ይሁን» ብሎ ለፈይዛ ቦይ ለመጥረግ ዶማውን አነሣ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እየተጠራ ሄደ። የሽማግሌው ድምፅ ጠነከረ፤ እንደ ድሮው ሆነ። ስድስተኛው ተጠራ።

«ሰባተኛ!»

ከዚያ ዝም አሉ።

ኑርሃን የያዘችውን ብሎን ሳታጠብቅ ቀና አለች። ዝምታው አጭር ነበር፤ ማንጎው ሥር ያለው ሰው ሽማግሌው ትንፋሽ የወሰዱ መስሎት ይሆናል። ሳምራዊት ግን ከስክሪኑ ፊት ተነሥታ፣ ጋሼ ከቆሙበት የቦይ በር በላይ ወደሚከፈተው መስኮት ሄዳ ነበር። መዝገብ የምትደረድር መስላ፣ ፊቷን ወደ ውጭ ሳታዞር፣ ለአንድ ሰው ብቻ በሚበቃ ድምፅ «ኸድር» አለች።

«ሰባተኛ!» አሉ ጋሼ ገብረሚካኤል። «ኸድር!»

እስከ ሠላሳ አንደኛው ተጠርቶ ሲያልቅ የቦዩ የብረት በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፤ ውሃው ወረደ።