ኋላው ሃያ ስድስት

አምሐን «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው የወሰዱት ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ከጎረቤቱ ከጀላል በተዋሰው መንፊያ የመኪናውን ጎማ እየነፋ ሳለ። ሦስቱን ጨርሶ አራተኛው ላይ ሲደርስ መጡበት። እጁን በጨርቅ ጠረገና የንፋስ መለኪያውን ለሚስቱ ለወለተጻድቅ አቀበላት። «ይሄን ጨርሺው፤ መጣሁ» አላት። አጭሩ ጥያቄ ዓመታት ፈጀ። በደርግ ጊዜ ከጥያቄ ሁሉ የሚረዝመው አጭሩ ነበር።

መኪናዋ አሮጌ ቮልስ ናት፤ ዘነበወርቅ ካለው ግቢያቸው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ቀረች። አምሐ ስለ ጎማ ንፋስ ሲናገር ቄስ ስለ ጾም የሚናገር ይመስል ነበር። ጎማ የሚለካው በማለዳ፣ ሳይሞቅ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው መለኪያው ያሳስታል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ለስለስ፣ ኋላው ጠንከር ማለት አለበት። እሱ፣ ሚስቱና ሁለቱ ልጆቻቸው ሲሳፈሩ ለኋላው በመለኪያው ሃያ አራት ይበቃል። እናቱ እማማ ተሻለች ሲጨመሩ ግን ሃያ ስድስት። እማማ ተሻለች ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ሳቂታ ሴት ነበሩ። «ሌላው እናቱን በፍቅር ይመዝናል፤ የኔው ልጅ በጎማ!» እያሉ በሩን እንዲከፍትላቸው ይጠብቁ ነበር።

ወለተጻድቅ ያን ቀን አራተኛውን ጎማ ነፋች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራቱንም ነፋች። ጎማ ደጅ ተጠንቶም የማይገኝበት ዘመን ስለነበር የሠፈሩ ባለመኪና ሁሉ ቆማ የምትውለውን ቮልስ እያየ ምራቁን ይውጣል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እሷ ግን ሞኝ አልነበረችም፤ የመጣውን ሁሉ ከበር መለሰችው። ጀላል፣ ያ ሰይቼንቶ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቷ፣ ከልቡ አዝኖላት መከራት።

«አንቺ ልጅ፣ የቆመ ጎማ ይሰነጠቃል። አውልቀን እናስቀምጥልሽና መኪናዋን ድንጋይ ላይ እናቁማት።»

«አይሆንም ጋሽ ጀላል። ድንጋይ ላይ የሚቆመው የሞተ ሰው መኪና ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጀላል ቅዳሜ በጠባ ቁጥር መንፊያውን ተሸክሞ ይመጣል። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ እንዳይተኛም መኪናዋን አብረው ገፋ ያደርጓታል።

እሑድ እሑድ ወለተጻድቅ ለአምሐ ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤት ትሄዳለች። እማማ ተሻለች ከስንቁ ላይ ሁልጊዜ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ይጨምራሉ። በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሰው ይጯጯሃል፤ ጠባቂው ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ስለዚህ ባልና ሚስት የሚያወሩት ስለ ጎማ ነበር።

«ፊቱስ?»

«አስራ ሰባት!»

«ኋላውስ?»

«ሃያ ስድስት!»

ይሄኔ አምሐ ይስቃል። እናቱ ደህና ናቸው፤ ቦታቸው አለ፤ መኪናዋ እሱን ብቻ ትጠብቃለች።

በአንዱ ክረምት እማማ ተሻለችን ብርድ መታቸውና ሳይሰነብቱ ዐረፉ። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተማከሩ። «ለእስረኛ መርዶ አይነገርም። ማን ይዞት ያለቅሳል? ሲፈታ በማለዳ፣ ወገን ባለበት ይረዳል» አሉ። ወለተጻድቅም ይህንኑ ፈለገች። እዚያ ብቻውን ሆኖ ቢሰማ የሚተርፍ አልመሰላትም። ችግሩ ግን መዋሸት አታውቅበትም፤ ገና ሳትጀምረው ፊቷ ያሳብቅባታል። «ኋላውስ?» ቢላት ምን ልትል ነው? አስባ አስባ፣ ቃሏ ውሸት እንዳይሆን ጎማውን እውነት ማድረግ ይሻላል አለች። ኋላውን በየቅዳሜው ሃያ ስድስት ላይ ታደርሰዋለች። ቆሎውንም ራሷ ቆልታ፣ በእማማ ተሻለች ጨርቅ ቋጥራ ትወስዳለች።

አንድ ቅዳሜ ጀላል መንፊያውን አቆመ። «ይብቃው። ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ ይፈነዳል። ሃያ አራት ምን አነሰው? አሁን ማን አለ ብለሽ ነው?»

«እማማ ተሻለች አሉበታ!» አለችና እንባዋ መጣ።

ጀላል አንገቱን ደፍቶ መንፋቱን ቀጠለ።

አምሐ በዓመቱ፣ መስከረም ላይ ተፈታ። ከስቷል፣ ሸብቷል፤ ልጆቹ አድገው አፈሩት። ወለተጻድቅ «እማዬስ?» የሚለውን ጥያቄ ስትጠብቅ «ለጸበል ሄደዋል» የምትለውን ነገር ቀኑን ሙሉ በልቧ ስታጠና ዋለች። አልጠየቃትም። በላ፣ ልጆቹን አቀፈ፣ ተኛ። አለመጠየቁ ከመጠየቁ ይልቅ አስፈራት። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ ተቀጣጥረዋል።

ማለዳ ስትነቃ አጠገቧ የለም። ከውጭ ንፋስ ሲወጣ ሰማች፤ ስስስ የሚል ቀጭን ድምፅ። ደንግጣ ወጣች። አምሐ ጋቢውን እንደለበሰ፣ መለኪያውን ይዞ ከኋላው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«በማለዳ አይደል የሚለካው» አላት ቀና ሳይል። «ሃያ ስድስት ነበር። አልዋሸሽኝም።»

ወለተጻድቅ ነጠላዋን ሰብስባ ጠጋ አለችው።

«የእማዬን የቆሎ ቋጠሮ በጥርሴ ነበር የምፈታው፤ እንዴት አድርጋ እንደምታጠብቀው ታውቂያለሽ። ከአምናው ክረምት ወዲህ ግን በጣቴ ይፈታልኝ ጀመር።»

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ካወቅህ ታዲያ ለምን ትጠይቀኝ ነበር?»

«ሃያ ስድስት ስትዪ መስማት ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሳምንት ያከርመኛል።»

የግቢው በር ተከፈተ። ጀላልና ሽማግሌዎቹ ገብተው ባልና ሚስቱን ሲያዩ እበሩ ላይ ቆሙ። አምሐ ወደ ሌላኛው የኋላ ጎማ ዞረ። ለካ፤ ትንሽ አስተነፈሰ፤ ደግሞ ለካ።

«ሃያ አራት» አለ።

የንፋስ ማስገቢያዋን ክዳን በሁለት ጣቱ አጠበቀ። ከዚያ ግንባሩን ጎማው ላይ ደፍቶ «እማዬ!» ብሎ አለቀሰ፤ ሽማግሌዎቹም ቀርበው ያዙት።