ብርድ ነው ያለችው

«እጄን እኮ ዘርግቼልሻለሁ!» አለች ለለቅሶ የመጣችው ጎረቤት።

ልብስ ሰፊዋ ክርኗን ብቻ ሰጠቻት። ጎረቤቷ ክርኑን ነካ አድርጋ ተቀመጠችና አጠገቧ ወዳለችው ዘንበል አለች። «እናቷ ሞታ እንኳን ኩራቱ አልለቀቃትም።» ሹክሹክታ ነው፤ ግን እንዲሰማ ተብሎ የተነገረ።

ልብስ ሰፊዋ ምን ትበል? የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አብጠው አይታጠፉም፤ ሕመሙ አንዴ ከተነሣባት ለሳምንታት ይከርማል። የጨበጣት ሰው ነፍሷን ነው የሚያወጣት። ሐኪሙ የቆዳዋ መላላጥና የመገጣጠሚያዋ ሕመም አንድ በሽታ መሆኑን ነግሯት፣ «ከቤተሰብ እንዲህ ያመመው አለ?» ሲላት «ማንም» ብላ ነበር። ለልጇ እስካሁን ትንፍሽ አላለችም። የነገረቻት ዕለት በሽታው ልጅቷ ላይ የሚወጣ ይመስላታል።

«ብረቷን እኮ ሞት ራሱ ፈርቷት ነው የቆየው» አለ አንድ ሽማግሌ፤ ሰፈሩ ሟቿን የሚጠራት እንዲህ ነው። ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ፊቷን አዞረች። ብረቷ አንድ ቀን እንኳን ፀጉሯን ሠርታላት አታውቅም። ልጅ ሳለች ማበጠሪያ ይዛ ስትጠጋት፣ «ሂጂ አክስትሽ ትሥራሽ፤ እኔን ብርድ መቶኛል» ነው መልሷ። በበጋም ብርድ፣ በክረምትም ብርድ። በልጅነቷ የገባት አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ልትነካት አትፈልግም።

ወደ ጓዳ ገባች። አክስቷ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ዞር ስትል ዓይኗ ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ አረፈ።

«ውይ በሞትኩት! አንቺንም ያዘሽ?»

«ምኑ?»

«ብርዱ ነዋ። እናትሽም ጣቷ እንዲሁ ነበር። ጥፍሯ ሳይቀር እንዲህ ተበሳስቶ።»

«ታዲያ ለምን ደበቀችኝ?»

«ዳቦ ቤት እየሠራች? እጇ የሚላላጥ ሴት ማን ሊጥ ያስነካታል? ከልጅ አፍ ያመልጣል ብላ ነው። ደግሞ እንዳትጸየፊያት ፈራች።»

«እኔ እኮ ትጠላኛለች እያልኩ ነው ያረጀሁት፣ አክስቴ!»

ማልቀስ ፈለገች፤ የመጣላት ግን ንዴት ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተና ልጇ ገባች። «እማዬ፣ ሰው ሁሉ እያማሽ ነው። ለምንድን ነው የማትጨብጫቸው?»

እናት ቀድማ ያየችው የልጇን ጥፍሮች ነው። ለስላሳ ናቸው። ዛሬ ነዋ፤ ነገስ?

«ብርድ…» ብላ ጀመረችና አፏ ውስጥ መረራት። ከጉያዋ የኪኒን ብልቃጥ አወጣች።

«ክፈችልኝ። እኔ አልችልም።»

«ምንድን ነው?»

«የሚያመኝ ነገር አለ። አያትሽንም ያማት ነበር። እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ክፈችው።»

ልጅቷ ክዳኑን ተጭና አዞረችው። አንድ ኪኒን መዳፏ ላይ አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ያበጡት ጣቶች ኪኒኗን መቆንጠጥ አቃታቸው። እናት ጎንበስ አለችና ከልጇ መዳፍ ላይ በከንፈሯ አነሣቻት።